የአእምሮ ችሎታና የፈጠራ ኃይል አለካክ፦ ታሪካዊ ቅኝት

በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውስጥ ራሱን የቻለ የክፍል ትምህርት የሌለው አንድ ፈተና አለ። ይኸውም በተለምዶ «አፕቲትዩድ» የሚባለው የማመዛዘን ችሎታ መለኪያ ነው። በልደታ ክፍለ ከተማ የሚማረውም ሆነ ከመኪና መንገድ ርቆ በሚገኝ ወረዳ የሚማረው ተማሪ በዚሁ መለኪያ ይመዘናል። ስለዚህ የመለኪያውን አመጣጥ መመርመር ለመምህራንም ሆነ ለዕቅድ አውጪዎች ተገቢ ነው።

በ1904 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ መንግሥት መደበኛውን ትምህርት መከታተል የተሳናቸውን ሕፃናት ጉዳይ የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋመ። የሥነ ልቡና ሊቁ አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር በመሆን በ1905 እ.ኤ.አ. 30 ጥያቄዎች ያሉትን የመጀመሪያውን መለኪያ አቀረበ። ዓላማው እርዳታ የሚያስፈልገውን ሕፃን ለይቶ ማወቅ ነበር፤ ቢኔ ራሱ የአእምሮ ችሎታ የማይለወጥ ነው የሚለውን አስተሳሰብ አጥብቆ ተቃውሟል። ይሁን እንጂ መለኪያው ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1916 እ.ኤ.አ. በሉዊስ ተርማን እጅ ሲሻሻል የሰው ችሎታ በአንድ ቁጥር የሚገለጽበት ልማድ ተስፋፋ። በ1917 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአሜሪካ ጦር ፈተና ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ ምልምሎች ተሰጠ። በዚሁ ሥራ የተሳተፈው ካርል ብሪገም በ1923 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ተንተርሶ ሕዝቦችን በአእምሮ ደረጃ ያበላለጠ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1930 እ.ኤ.አ. ግን ድምዳሜው መሠረተ ቢስ መሆኑን ራሱ አመነ። በመካከሉ፣ በ1926 እ.ኤ.አ.፣ በእርሱ መሪነት የተዘጋጀው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ሥራ ላይ ውሎ ነበር። በቋንቋና በቁጥር ማመዛዘንን የሚጠይቀው የኢትዮጵያው አፕቲትዩድም በቅርጹ የዚሁ ወገን ነው።

እነዚህ ፈተናዎች ለአንድ ጥያቄ አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ይቀበላሉ። ጆይ ፖል ጊልፎርድ በ1950 እ.ኤ.አ. ባደረገው ንግግር የፈጠራ ኃይል በጥናት ችላ መባሉን አስገነዘበ። ከዚያም ኤሊስ ፖል ቶራንስ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ፈተና የሐሳብን ብዛት፣ ዓይነት፣ አዲስነትና የዝርዝር ጥልቀት መለካት ጀመረ።

ለኢትዮጵያ ሊቃውንት ግን ከተማሪ አዲስ ነገር መጠየቅ እንግዳ አልነበረም። የቅኔ ቤት ተማሪ ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ይወጣል። በየዕለቱ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ የሌላውን ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ መንገር ነውር ነው። መምህሩም አገባቡን፣ ቤት አመታቱን፣ ሰምና ወርቁን ይመረምራል፤ ስሕተቱን አርሞ ይመልሰዋል። ተማሪው በማግሥቱ የሚመዘነው በታረመበት ነገር ያሻሻለው ታይቶ ነው። በዚህ ሥርዓት መለካትና ማስተማር አልተለያዩም።

ይህን የመሰለ አካሄድ በዘመናዊ ጥናትም ተፈትኗል። ዴቪድ ጹሪኤልና ባልደረባቸው በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ወደ እስራኤል የሄዱ ኢትዮጵያውያን የአንደኛ ክፍል ሕፃናት በመጀመሪያው ፈተና ከአገሬው ሕፃናት ዝቅ ያለ ውጤት አገኙ። አጭር ግን ትኩረት የተሰጠው ትምህርት ከተሰጣቸው በኋላ ግን ልዩነቱ በጣም ጠበበ። የመጀመሪያው ውጤት ያሳየው የለመዱትን እንጂ መማር የሚችሉትን አልነበረም።

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ። የቀሩትን ሁሉ ችሎታ የሌላቸው ናቸው ማለት የብሪገምን ስሕተት መድገም ነው። ውጤት ተማሪው የደረሰበትን ይናገራል፤ የደረሰበት ደግሞ በትምህርት ቤቱ፣ በመጽሐፉና በመምህሩ ይወሰናል። እንግዲህ ዕቅድ አውጪው ቁጥሩን በተማሪው ላይ የተሰጠ ፍርድ ሳይሆን ትምህርት የጎደለበትን ስፍራ የሚጠቁም ምልክት አድርጎ ሊያነበው ይገባል። መምህሩም ተማሪው ከታረመ በኋላ ምን ያህል እንደተራመደ መዝግቦ ቢይዝ፣ የራሱ የሆነ ሥራም ቢጠይቀው፣ ቢኔ ያሰበውንና ቅኔ ቤት ሲሠራበት የኖረውን መለኪያ ወደ ክፍሉ ያስገባል።