የውጊያ ጥበብ አገር ሲቀይር



ጎንደር ውስጥ ቴኳንዶ የሚሠራ ወጣት «ይሄ የኮሪያ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» መባሉ አይቀርም። ታሪኩን ብናየው ግን ኮሪያም ራሷ ከሰው የወሰደችው ነው።

መነሻው ኦኪናዋ ደሴት ነው። የደሴቲቱ ሰዎች የራሳቸውን የእጅ ፍልሚያ ከቻይና ከመጣው ጋር ቀላቀሉት፤ ስሙንም «የቻይና እጅ» ብለው ይጽፉት ነበር። ጊቺን ፉናኮሺ የተባለ መምህር በ1922 እ.ኤ.አ ወደ ቶኪዮ ወሰደው። እዚያ ነጩ ልብስና ቀበቶው ከጁዶ ተወሰዱለት። በ1930ዎቹ ደግሞ አጠራሩ ሳይለወጥ ጽሕፈቱ ብቻ ተቀይሮ «ባዶ እጅ» ሆነ። ካራቴ ማለት ይኸው ነው።

ጃፓን ኮሪያን በገዛችበት ዘመን፣ እዚያ ሄደው የተማሩ ኮሪያውያን ካራቴን ይዘው ተመለሱ። አገራቸው በ1945 ነጻ ከወጣች በኋላ የእግር ምቱን አበረቱት፤ በ1955 ቴኳንዶ የሚል ስም ወጣለት።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሶሒሕ አል-ቡኻሪ እንደተዘገበው፣ በዒድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ በጋሻና በጦር ሲጫወቱ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ትመለከት ነበር። የጦር ሜዳው ጥበብ መዲና ላይ የዒድ ደስታ ሆነ። በጎንደር ደጋም ጉግስ እንዲሁ ነው። አንዱ ፈረሰኛ ጋሻውን ይዞ ሲሸሽ ሌላው እየጋለበ ዘንግ ይወረውርበታል። ጦሩ በዘንግ ተተካ፤ ድፍረቱና ግልቢያው ግን አብሮ ዘለቀ።

ለውጡ ዛሬም አልቆመም። ግብጻዊቷ ሂዳያ መላክ በ2016ቱ የሪዮ ኦሎምፒክ በሒጃቧ ተጋጥማ በቴኳንዶ የነሐስ ሜዳሊያ ወሰደች። ከእኛም ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሎምፒክ በዚሁ ስፖርት ኢትዮጵያን ወክሏል።

ስለዚህ የአዲስ ዓለም ልጅ ምርጫው ጨርሶ መተው ወይም እንዳለ መቀበል ብቻ አይደለም። ርግጫውን፣ ትዕግሥቱን፣ ሰዓት ማክበሩን ይውሰድ። ልብሱን ከአደቡ ያስማማ። ለአሠልጣኝና ለተጋጣሚ ማጎንበሱ ካሳሰበው ዑለማዎችን ይጠይቅ፤ ከአሠልጣኙም ጋር በግልጽ ይነጋገር። ኦኪናዋም ጃፓንም ኮሪያም ያደረጉት ይህንኑ ነው፦ የሚጠቅማቸውን ያዙ፣ የቀረውን በራሳቸው ልክ ሰፉት።