ከጥቁር ሞት በኋላ ልጆቹ በምን ቋንቋ ተማሩ?

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ያኔ ስለ ጥቁር ሞት ሲያስተምሩን ስንት ሰው እንደሞተ ብቻ ነው የነገሩን። ከዚያ በኋላስ ምን ሆነ?» ብሎ ጻፈልኝ። እውነቱን ነው። ለፈተና የሚሆነውን ቁጥር አስይዘናቸው ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ አለፍን። ዕዳዬን እዚሁ ልክፈል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አውሮፓን ሁሉ ልዙር ብል አልጨርስም፤ እንግሊዝን ብቻ ልያዝ። በሽታው በ1348 ሰኔ ገደማ በደቡብ ጠረፍ ባለች አንዲት ወደብ ገብቶ እስከ 1349 መጨረሻ አገሩን አዳረሰ። ከሕዝቡ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው እንዳለቀ ይገመታል። ካህናቱ የሚሞተውን ሊናዝዙ እየገቡ እነሱም አብረው አለቁ። በ1349 ጥር የባዝና ዌልስ ጳጳስ፣ ካህን ካልተገኘ የሚሞት ሰው ለምእመን፣ ወንድ ከጠፋም ለሴት ይናዘዝ ብለው ደብዳቤ ጻፉ። ለዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ይሄ ቀላል ቃል እንዳይመስላችሁ።

የጉልበት ነገር የታወቀ ነው። ሠራተኛ ሲጠፋ የተረፈው ዋጋውን ከፍ አደረገ። ንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊ በ1349 በአዋጅ፣ ፓርላማው በ1351 በሕግ «ከሞቱ በፊት በነበረው ደመወዝ ሥሩ» አሉ። በ1363 ደግሞ ማን ምን ዓይነት ጨርቅ ይልበስ የሚል ሕግ ወጣ። ገበሬው ከአቅሙ በላይ ለበሰ ብለው ተናደው እኮ ነው! ብዙም ሳይቆይ ተሻረ።

እኔን የሚደንቀኝ ግን የትምህርት ቤቱ ነገር ነው።

ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ ወዲህ የመኳንንቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑና የሊቃውንቱ ደግሞ ላቲን። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ላቲኑን የሚፈታው በፈረንሳይኛ ነው። በእኛ ቅኔ ቤት ተማሪው ግእዙን በአማርኛ ሲፈታ አስቡት፤ የእንግሊዙ ልጅ ግን የሚፈታበትም ቋንቋ የእናቱ አይደለም። ራኑልፍ ሂግደን የሚባል የቼስተር መነኩሴ ገና ከወረርሽኙ በፊት ይህን በታሪክ መጽሐፉ ውስጥ አማርሮ ጽፏል።

የሂግደንን መጽሐፍ ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ጆን ትሬቪሳ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ ማለፍ አልቻለም፤ የራሱን ማስታወሻ ጣልቃ አስገባ። ያ ልማድ የጸናው ከታላቁ ሞት በፊት ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል ይላል። ጆን ኮርንዋል የሚባል የሰዋስው መምህር በፈረንሳይኛው ፈንታ በእንግሊዝኛ ማስፈታት ጀመረ፤ ሪቻርድ ፔንክሪች ከእሱ ተማረ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በ1385 በአገሩ ሁሉ ልጆች የሚማሩት በእንግሊዝኛ ሆኗል። ትሬቪሳ ሚዛናዊ ሰው ነው። ልጆቹ ሰዋስውን በአጭር ጊዜ ይጨርሳሉ፣ ፈረንሳይኛውን ግን ጨርሰው አያውቁትም፣ ባሕር ተሻግረው ሲሄዱ ይቸገራሉ ብሎ ትርፉንም ኪሳራውንም አስቀምጧል።

ታዲያ ሁሉን ለበሽታው መስጠት ልክ አይመስለኝም። ፈረንሳይኛው ቀድሞም እየደከመ ነበር፤ ከ1337 ጀምሮ ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ላይ ናቸው። ኮርንዋልም ቢሆን በ1346 በጻፈው የሰዋስው መጽሐፍ ውስጥ እንግሊዝኛ አስገብቶ ነበር። እኔ እንደሚገባኝ ሞቱ አዲስ ሐሳብ አላመጣም። በድሮው መንገድ የሚያስተምሩትን አሮጌ መምህራን ወሰደና ወንበሩን ባዶ አደረገው። በቦታው የገባው ወጣት ፈረንሳይኛው ያን ያህል አልነበረውም፤ የሚያውቀውን ይዞ አስተማረ። እኔም መጀመሪያ ክፍል የገባሁ ቀን ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

በ1362 ፓርላማው «ሕዝቡ ፈረንሳይኛ ስለማያውቅ ፍርድ ቤት ክርክሩ በእንግሊዝኛ ይሁን» የሚል ሕግ አወጣ። ሕጉ የተጻፈው በምን ቋንቋ ነው ብትሉኝ፦ በፈረንሳይኛ።

የ1381ዱን የገበሬዎች አመጽ ሆን ብዬ ዘልዬዋለሁ፤ የምትፈልጉ ካላችሁ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።