መድኃኒት የተላመደ የሕፃናት የሳንባ ምች

«መድኃኒት የተላመደ» ሲባል ብዙ ሰው የልጁ ሰውነት መድኃኒቱን የለመደ ይመስለዋል። የሚላመደው ግን ጀርሙ ነው። አንቲባዮቲክ ሲሰጥ ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፣ የሚቋቋሙት ይተርፉና ይራባሉ፤ ከዚያ በሳልና በንጥሻ ወደ ሌላ ልጅ ይሻገራሉ። ስለዚህ መድኃኒት ቀምሶ የማያውቅ ሕፃንም ሊይዘው ይችላል። እንደኛ ስድስት ሰባት ሰው አንድ ድንኳን ውስጥ በሚያድርበት መጠለያ ደግሞ መሻገሩ ቀላል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 ከ740 ሺህ በላይ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በሳንባ ምች ሞተዋል። ከዋናዎቹ አምጪዎች አንዱ ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ድሮ ብዙዎቻችን ባክትሪም የምንለው ኮትሪሞክሳዞል ይሰጥ ነበር፤ ጀርሙ በብዙ ቦታ ተላመደው። ዛሬ የሚቀድመው አሞክሳሲሊን ነው። እሱም እንደ ባክትሪም እንዳይሆን ነው ስጋቱ።

በሰፈራችን ለአንዱ ልጅ የታዘዘ ሽሮፕ ለወንድሙም ይካፈላል፣ የተረፈው «ለክፉ ቀን» ይቀመጣል። እናቶችን አልወቅስም፤ የክሊኒኩ ሰልፍ ገና ሳይነጋ ይጀምራል፣ ሱቁ ደግሞ እንክብል በፍሬ ይሸጣል። ግን በውሃ የተበጠበጠ አሞክሳሲሊን ማቀዝቀዣ በሌለበት ከሳምንት በላይ አይቆይም። የተቀመጠው ለክፉ ቀን አይደርስም ማለት ነው።

ደግሞ አብዛኛው ጉንፋንና ሳል የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። ታዲያ ጉንፋኑን ከሳንባ ምች በምን እንለየው? ትንፋሽ በመቁጠር። ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ የደረቱን ወይም የሆዱን ከፍ ዝቅ ማለት አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። ተማሪዎቼ በስልክ ሰዓት የታናናሾቻቸውን መቁጠር በአንድ ክፍለ ጊዜ ነው የለመዱት፤ ከባድ አይደለም። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ።

በኢትዮጵያም በኬንያም ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኒሞኮከስ ክትባት በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንት ይሰጣል። ክትባቱ የሚከላከላቸው ዓይነቶች መድኃኒት ቢላመዱም ይሠራል፤ በስደት መንገድ ላይ ያመለጠው ልጅ ካለ ካርዱን ይዛችሁ ጠይቁ።

ክሊኒክ ስትሄዱ ልጁ አስቀድሞ የወሰደውን መድኃኒት፣ ከሱቅ የተገዛም ቢሆን፣ ከነጠርሙሱ ወይም ከነማሸጊያው አሳዩ። ሐኪሙ መድኃኒት መለወጥ እንዳለበት የሚወስነው ያንን አይቶ ነው።