ሸማ ተራና አማኑኤል፦ የአእምሮና የነርቭ ሕመሞች ሕክምናና ምርምር በኢትዮጵያ

መግቢያ

የአዲስ አበባን መርካቶ የሚያውቅ ሁሉ ገበያው በየተራው የተከፋፈለ መሆኑን ይረዳል። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ኩታ ወይም ቡሉኮ የሚሻ ወደ ሸማ ተራ ያቀናል፤ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሳፈር አውቶቡስ ተራን ይጠይቃል። ከእነዚህ ስፍራዎች ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያው በአዲስ ከተማ፣ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛል። ገበያተኛው ስሙን በሚገባ ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሕክምና ተቋም ሳይሆን እንደ ቀልድና እንደ ስድብ ነው። «አማኑኤል ግባ» የሚለው አነጋገር በሰፈሩ ብቻ ሳይሆን በመላ ከተማው የተለመደ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ሆስፒታል እንዴት የአገር ሁሉ ሸክም ተሸካሚ ሆኖ እንደቆየ፣ ምርምር ይህን ሁኔታ እንዴት እንደገለጠና ከዚያ በኋላ ምን እንደተለወጠ በአጭሩ ማሳየት ነው።

የገበያውና የሆስፒታሉ እኩያነት

ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) አስተዳደሩ በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረውን ትልቁን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረ። የአዲስ ከተማ ሰፈርና ዛሬ መርካቶ የምንለው ገበያ መነሻቸው ይኸው ነው። አማኑኤል ሆስፒታልም የተመሠረተው በዚያው ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ነው። ገበያው እየሰፋ ሄዶ ከአገሪቱ ማዕዘናት ሁሉ ዕቃ የሚሰበሰብበት ሲሆን፣ ሆስፒታሉም ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል በመሆኑ ከየማዕዘኑ ሕመምተኛ የሚሰበሰብበት ሆነ።

በሁለቱ መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የጨንቻ ሸማኔ ያመረተው ሸማ ተራ ደርሶ ገዢ ማግኘቱ ለሻጭም ለገዢም ይጠቅማል። ሕመም ግን ሐኪም ያለበትን ሰፈር መርጦ አይመጣም። ከጎጃም፣ ከወሎ ወይም ከባሌ ዘመድን አንዳንዴም በገመድ አስሮ ይዞ መጥቶ አውቶቡስ ተራ ላይ መውረድ ለአንድ የገበሬ ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም። ለመሳፈሪያ በሬ ይሸጣል፤ የእርሻ ወቅት ያልፋል። ሕመምተኛው ታክሞ ቢሻለው እንኳ በእጁ የያዘው መድኃኒት ሲያልቅ የሚተካበት ቦታ በአቅራቢያው የለም። በዚህ ምክንያት ሕመሙ ሲያገረሽ ቤተሰቡ የሚደርስበት መደምደሚያ «ሐኪም ቤትም አልሆነለትም» የሚል ይሆናል። ለሕክምናው መክሸፍ ዋነኛው ምክንያት መድኃኒቱ ሳይሆን ርቀቱ እንደነበረ ግን የሚያስተውል አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች

በሕክምና ትምህርት ቤቱ የጅምር ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ፕሮፌሰር የነበሩት ሆላንዳዊው ሮበርት ጊል ከባልደረቦቻቸው ጋር የሆስፒታሉን ግቢ ለቀው ወጡ። በአንዲት አነስተኛ ከተማና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚገኝ የገጠር መንደር የአእምሮ ሕመምን ስርጭት አጠኑ፤ በጊዮን ከተማም የእምነት ፈውስንና የመንፈስ ልክፍትን መረመሩ። እነዚህ ሥራዎች እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1970 ታትመዋል። በወቅቱ በብዙዎች ዘንድ የአእምሮ ሕመም የከተሜነትና የዘመናዊ ኑሮ ውጤት ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ በጸጥተኛ የገጠር መንደር ውስጥ መገኘቱ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነበር።

ቡታጅራ፦ ምርምሩ ወደ ሕዝቡ ሲሄድ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ቡታጅራ እ.ኤ.አ. በ1986 በዶ/ር ደስታ ሻመቦና በባልደረቦቻቸው፣ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ የገጠር ጤና ፕሮጀክት ተቋቋመ። ቡታጅራና አካባቢዋ ከዚያ ወዲህ የአገራችን የነርቭና የአእምሮ ሕመም ምርምር ዋና መስክ ሆኑ።

በቅድሚያ የሚጠቀሰው የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ስለሚጥል በሽታ ያደረጉት ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው በዚህ ሥራ 60,820 ሰዎች ቤት ለቤት ተዳሰው 316 ሕመምተኞች ተገኙ፤ ይህም ከ1,000 ሰው 5.2 መሆኑ ነው። ከእነዚህ መካከል ተገቢውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት አግኝተው የሚያውቁት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ በሕክምና ላይ የዋለ፣ ከመድኃኒቶችም ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። እንግዲህ ከ70 ዓመታት በኋላም ከ100 ሕመምተኞች 98ቱ አላገኙትም ማለት ነው።

በዚያው አካባቢ ስለ ሕዝቡ አመለካከት የተደረገው ጥናት ደግሞ ሌላውን ገጽታ ገለጠ። ሕመሙ በጥቃቱ ጊዜ በአረፋና በምራቅ ይተላለፋል የሚል እምነት ስለነበረ፣ የወደቀውን ሰው የሚነካው አልነበረም። እሳት ላይ የወደቀ ሰው የሚቃጠለው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። በጥቃቱ ጊዜ ክብሪት ጭሮ ማሸተትም በከተማም በገጠርም እስካሁን የምናየው ልማድ ነው፤ ጥቅም የለውም።

ቀጥሎ የመጣው ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመሞች የተደረገው ጥናት ነው። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም እ.ኤ.አ. በ1997 በኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ሥራ የቡታጅራን ሕዝብ የአእምሮ ጤንነት የሚመለከት ነበር። ከዚያም ከደረጀ ከበደ፣ ከተሾመ ሽብሬና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎችን በመዳሰስ ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር ያለባቸውን ለይተው ለዓመታት ተከታተሉ። ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው መካከል ቀደም ሲል መድኃኒት ያገኙት ከ10 በመቶ በታች እንደነበሩ እ.ኤ.አ. በ2003 ተዘገበ።

የክትትሉ ውጤት ከዚህም የከፋ ነበር። በከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሠቃዩ ሰዎች ከሌላው ኢትዮጵያዊ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሞ የወጣው የአሥር ዓመት ክትትል አሳየ። ከሞት ምክንያቶቹ ብዙዎቹ ተላላፊ በሽታዎችና ራስን ማጥፋት ናቸው። «እብድ አይሞትም» ብሎ ራሱን የሚያጽናና ካለ፣ ይህ አኃዝ መልሱ ነው።

ጓያ፦ ከማሳ የሚመጣ የነርቭ ሕመም

ስለ ነርቭ ሕመም ምርምር ሲነገር የአማራ ክልልን ጓያ አለመጥቀስ አይቻልም። ጓያ ድርቅን የሚቋቋም ጥራጥሬ በመሆኑ ሌላው ሰብል ሲጠፋ እርሱ ይተርፋል። ይሁን እንጂ በውስጡ የሚገኘው ኦዳፕ የተባለ ንጥረ ነገር በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲበላ የእግርን እንቅስቃሴ የሚመሩ ነርቮችን ይጎዳል። ጉዳቱ አይመለስም፤ ይበልጥ የሚጠቁትም ወጣት ወንዶች ናቸው። ፕሮፌሰር ረዳና ባልደረቦቻቸው ሕመሙን በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ያጠኑ ሲሆን፣ ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ ደግሞ በደላንታ ዳውንት የተከሰተውን ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1999 አሳወቁ። ጓያን ከእህል ጋር ቀላቅሎ መመገብ አደጋውን እንደሚቀንስ፣ በረሃብ ጊዜ የሚሰጠው የእህል እርዳታም በዚህ ረገድ ጠቃሚ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2003 አመለከቱ። እዚህ ላይ ከሐኪሙ ይልቅ መድኃኒቱ በእህል አከፋፋዩ እጅ ይገኛል።

ባለሙያዎችን ማፍራት

ምርምሩ የችግሩን ስፋት ሲለካ፣ ባለሙያ የማፍራቱ ሥራም ጎን ለጎን ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና በአማኑኤል ሆስፒታል ተጀመረ። ተመራቂዎቹ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ተመድበው የአእምሮ ሕክምና ክፍሎችን ከፈቱ። የሚጥል በሽታ ያለባቸውንም በአብዛኛው የሚረዱት እነዚሁ ነርሶች ናቸው፤ የነርቭና የአእምሮ ሕክምና በአገራችን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲሰጡ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በተገኘ የመምህራን ድጋፍ፣ የመጀመሪያው የአእምሮ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት ተከፈተ። በ2006 የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ተከተለ። ቀድሞ አንድ ሐኪም በእነዚህ ዘርፎች ለመሠልጠን ባሕር መሻገር ይጠበቅበት ነበር፤ ከተሻገሩትም ብዙዎች አልተመለሱም።

ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ

በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱ ከመደበኛው ጤና አገልግሎት ጋር እንዲዋሐድ አቅጣጫ ሰጠ። ይህ ይሠራል ወይ የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ በጉራጌ ዞን ሶዶ ወረዳና በአካባቢው ጥናቶች ተካሂደዋል። ከእነዚህ መካከል በፕሮፌሰር ሻርሎት ሃንሎን የተመራው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ሙከራ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች መከታተል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጠው ክትትል እንደማያንስ አረጋገጠ።

ይህ ማለት ግን አማኑኤል አያስፈልግም ማለት አይደለም። አስቸጋሪ ሕመሞችን ማከም፣ ማስተማርና መመራመር የሪፈራል ሆስፒታል ተግባር ነው። ለዚህ ተግባር ጊዜ የሚኖረው ግን መድኃኒት ለማስቀጠል ብቻ የመጣው ሕመምተኛ በመንደሩ አጠገብ ሲስተናገድ ነው። የተገኘው መሻሻልም በቀላሉ ሊናጋ ይችላል። የአእምሮ ሕክምና ይሰጥበት የነበረው የየካ ኮተቤ ሆስፒታል በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ-19 ማከሚያ መደረጉ ለዚህ ምስክር ነው። ወረርሽኙ ያስገደደው ውሳኔ ቢሆንም፣ በችግር ጊዜ መጀመሪያ ቦታ የሚለቀው ማን እንደሆነ አሳይቷል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከተው ታሪክ የሚያስተምረን ነገር ቢኖር፣ ለረጅም ዘመን የጎደለው የመድኃኒት ዕውቀት ሳይሆን መድኃኒቱን ሕመምተኛው ዘንድ ማድረስ መሆኑን ነው። ስለሆነም የሥራ ባልደረቦቼ ሦስት ነገሮችን ልብ እንዲሉልኝ እሻለሁ። አንደኛ፣ ፌኖባርቢታልና መሠረታዊ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ከጤና ጣቢያ መደርደሪያ ለአንድ ወርም ቢሆን መታጣት የለባቸውም፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላልና። ሁለተኛ፣ ሕመምተኛው ጸበል ቢጠመቅ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ከካህናቱ ጋር በመከባበር መነጋገር እንጂ መገፋፋት አይበጅም። ሦስተኛ፣ ከአእምሮ ሕመም ጋር የሚኖር ሰው ሳልና ትኩሳት ይዞት ሲመጣ «ወደ አማኑኤል ውሰዱት» ብሎ ከመመለስ በፊት እንደማንኛውም ሕመምተኛ ይመርመር። 30 ዓመት የሚያሳጥረው ሞት አንዱ መግቢያው ይህ በር ነው።

የሸማ ተራ ነጋዴ ደንበኛው ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ ጋቢውን ዘርግቶ ያሳየዋል። ከጎኑ ያለው ሆስፒታልና እኛ በየጤና ተቋሙ የምንሠራ ሐኪሞችም ለእነዚህ ሕመምተኞች የምናሳየው አቀባበል ከዚህ ሊያንስ አይገባም።