«ይቻላቸዋል»፦ ከውጫሌ ውል እስከ ትይዩ ፕሮግራም፣ የመልእክት አፈታት ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በትይዩ ፕሮግራሞች ውስጥ ታሽጎ የመጣ መልእክት በተቀባዩ ዘንድ እንዴት እንደሚፈታ ነው። መነሻ የማደርገው ግን የኮምፒውተር ቤተ ሙከራን ሳይሆን የአምባሰልን ምድር ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ በስተሰሜን፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ውጫሌ ትገኛለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ ሥፍራ ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ 20 አንቀጽ ያለው ውል ተዋዋሉ። ውሉ በአማርኛና በጣልያንኛ ተጻፈ፤ 19ኛው አንቀጽም ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም የሚስማሙና እኩል የጸኑ መሆናቸውን ደነገገ።

ነገሩ የተበላሸው በ17ኛው አንቀጽ መሆኑን ሁላችሁም ከትምህርት ቤት ጀምሮ ታውቃላችሁ። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣልያንኛው በዚያው ቦታ «ኮንሴንቴ» የሚል ግሥ አለው፤ ተስማምተዋል ማለት ነው። ሮማም ይህን ስምምነት ግዴታ አድርጋ ተረጎመችው፤ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ለኃያላን መንግሥታት ባስተላለፈችው ማስታወቂያም ኢትዮጵያን በጥበቃዋ ሥር እንዳለች አገር አቀረበቻት። ስሕተቱ ግን በዚያው ቀን አልታየም። ምኒልክ ዘውድ መጫናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በጻፉ ጊዜ ንግሥት ቪክቶሪያ ጉዳዩ በኢጣልያ በኩል እንደሚተላለፍ የሚገልጽ መልስ ሰጡ። አዲስ አበባ አንድ ቃል በሁለት መልክ መነበቡን የተረዳችው ያኔ ነው። በውጫሌ የታሸገው መልእክት ስሕተቱ የተገለጠው ወራት አልፈው፣ በሌላ አገር፣ በሦስተኛ ወገን እጅ ነበር። ትይዩ ፕሮግራም ጽፎ ስሕተት ሲያድን ያደረ ሰው ይህን ባሕርይ ወዲያው ያውቀዋል።

የታሪክ ምሁራን ለረጅም ጊዜ የተከራከሩት ስለ አንቶኔሊ ልብ ነው። ስቬን ሩቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ጥናት አንቶኔሊን ተጠያቂ ሲያደርግ፣ ካርሎ ጂሊዮ በማግሥቱ ዓመት ለመልእክተኛው ቅን ልቦና ተከራከረ። እኔ ወደ ሩቤንሰን አደላለሁ። ነገር ግን ለእኛ ሙያ ይበልጥ የሚያስተምረው 19ኛው አንቀጽ ይመስለኛል፤ ሁለቱ ጽሑፎች ይስማማሉ ብሎ አወጀ እንጂ መስማማታቸው የሚመረመርበትን ሥርዓት አላቆመም።

አሁን ወደ ማሽኖቹ እንምጣ። ከውጫሌ ልክ 100 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ፒ.ቪ.ኤም. የተባለው ሥርዓት ተጀመረ። (የዓመቱ መገጣጠም አጋጣሚ ነው፤ ምሥጢር አትፈልጉበት።) ዓላማው ልዩ ልዩ ዓይነት ኮምፒውተሮችን እንደ አንድ ማሽን ማሠራት ነበር። ላኪው ዳታውን በየዓይነቱ እያሸገ በቋት ውስጥ ያስቀምጣል፤ ተቀባዩም በታሸገበት ቅደም ተከተል፣ በዚያው ዓይነት፣ በዚያው ብዛት ይፈታል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የኤም.ፒ.አይ. መስፈርትም ይህንኑ ልማድ «ፓክ» እና «አንፓክ» በተባሉ ሁለት ተግባራት ወረሰ። በአፈታት ጊዜ በቋቱ ላይ አንድ ቦታ ጠቋሚ አለ፤ እያንዳንዱ ጥሪ የሚገባውን ያህል ባይት ወስዶ ጠቋሚውን ወደ ፊት ያራምዳል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ላኪው መጀመሪያ ባለ 4 ባይት ኢንቲጀር፣ ቀጥሎ ባለ 8 ባይት ደብል አሸገ እንበል። ተቀባዩ ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጦ አስቀድሞ ደብሉን ጠየቀ። በተለመዱት አተገባበሮች፣ ማሽኖቹ ተመሳሳይ ሲሆኑ፣ ይህ ጥሪ ኢንቲጀሩን ሙሉውንና የደብሉን ግማሽ አጣብቆ አንድ ቁጥር ያደርገዋል፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ኢንቲጀር ተብሎ ይነበባል። ድምሩ ያው 12 ባይት ስለሆነ ጠቋሚው በትክክለኛው ቦታ ያርፋል፤ ፕሮግራሙም ያለ አንዳች ቅሬታ ይቀጥላል። መስፈርቱ የዓይነት አለመጣጣምን ስሕተት ይለዋል፤ አተገባበሩ እንዲይዘው ግን አያስገድድም። ይባስ ብሎም ታሽጎ የተላከ መልእክት ከማንኛውም ዓይነት ጋር እንዲገጥም ተፈቅዶለታል። 19ኛውን አንቀጽ ያስታወሰኝ ይህ ነው።

ንጽጽሩ ወሰን እንዳለው አልክድም። ማሽን ተንኮል የለውም፤ ሩቤንሰንና ጂሊዮ የተከራከሩበት የልብ ሐሳብ ጥያቄ ለቋት አይነሣም። ሆኖም ያለ ተንኮልም ቢሆን ያው ጉዳት መድረሱ ራሱ ሊታሰብበት ይገባል።

መፍትሔውም በሁለቱ ታሪኮች ውስጥ ይመሳሰላል። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ፤ ዐድዋም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሆነ። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ሲሽር የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነበር፤ ጣልያንኛ ቀርቶ የተዋዋዮቹ ያልሆነ ሦስተኛ ቋንቋ ገባ። ፒ.ቪ.ኤም. በበኩሉ መልእክትን ሳን ማይክሮሲስተምስ ባወጣው ኤክስ.ዲ.አር. በተባለ የጋራ አጻጻፍ ያሽግ ነበር። የባይት ቅደም ተከተላቸው በሚለያይ ሁለት ማሽኖች መካከል 1 የሚለው ኢንቲጀር ሳይለወጥ ቢተላለፍ 16,777,216 ሆኖ ይነበባልና። ኤም.ፒ.አይ.ም እ.ኤ.አ. በ1997 «ኤክስተርናል 32» የተባለ የራሱን የጋራ አጻጻፍ ጨመረ።

የጋራ አጻጻፍ ግን የባይትን ቅደም ተከተል እንጂ የአሻጊውንና የፈቺውን ቃል ኪዳን አይጠብቅም። ደብል በተላከበት ኢንቲጀር የሚጠይቅን ፕሮግራም ኤክስ.ዲ.አር.ም አያድነውም። ስለዚህ በእኔ ክፍል የማሸጊያውና የመፍቻው ኮድ በአንድ ፋይል፣ ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ ከእያንዳንዱ መልእክት ራስ ላይም የዓይነትና የብዛት ቁጥር ይታሸጋል፤ ፈቺውም አስቀድሞ እርሱን አንብቦ ካልገጠመ በዚያው ይቆማል። ዋጋው በመልእክት ጥቂት ባይት ነው።