መጀመሪያ ቁርስ እንብላ

እኛ ዘንድ ሥራ ሲታሰብ ቀድሞ የሚፈለገው ቢሮ ነው። ቢሮ፣ ማኅተም፣ ከዚያ በሆቴል አዳራሽ የምሥረታ በዓል። የሳንዲያጎን ታሪክ ስናነብ የገረመንም ለዚሁ ነው።

ሳንዲያጎ በካሊፎርኒያ ደቡብ ጫፍ፣ ሜክሲኮ ድንበር ላይ ያለች፣ ለረጅም ዘመን በባሕር ኃይል ሰፈርነቷ የምትታወቅ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1978 አይቨር ሮይስተን የተባለ የዩኒቨርሲቲ የካንሰር ሐኪምና የላብራቶሪ ረዳቱ ሃዋርድ በርንዶርፍ ሃይብሪቴክን እዚያ አቋቋሙ። የሚያመርቱት ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ነበር፤ አንድን ነገር ብቻ ለይቶ የሚይዝ፣ ለበሽታ ምርመራ የሚያገለግል ፕሮቲን። መነሻ ገንዘቡ ግን ከሰሜን፣ ከሲሊከን ቫሊ ሰዎች መጣ። ሳንዲያጎ ሳይንስ ሞልቷታል፤ ሳልክ ኢንስቲትዩት አለ፣ ስክሪፕስ አለ፣ ዩኒቨርሲቲው አለ። የጎደላት ሳይንቲስቱን ከጠበቃና ከባለገንዘብ ጋር የሚያስቀምጥ ጠረጴዛ ነበር።

በ1985 ዩኒቨርሲቲው ኮኔክት የተባለ ፕሮግራም ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ መሪነቱን የያዙት ቢል ኦተርሰን ፕሮፌሰር ሳይሆኑ ነጋዴ ነበሩ፤ በ1999 እስካረፉ ድረስም መሩት። ወጪውን የሚችሉት አባል ድርጅቶች እንጂ መንግሥት አልነበረም። አንድ ቀን ተመራማሪ ሥራውን ያስረዳል፣ ሌላ ቀን ኩባንያ የመሠረተ ሰው ያየውን ፍዳ ይናገራል።

እኛ የወደድነው ስፕሪንግቦርድ የሚሉትን ነው። ኩባንያ ያሰበ ሰው ዕቅዱን ይዞ ጠዋት ቁርስ ላይ ይቀርባል። ዙሪያውን ጠበቃ፣ የሂሳብ ባለሙያ፣ ባለሀብት፣ መንገዱን ቀድሞ የሄደ ነጋዴ ተቀምጠዋል። ሰምተው ይተቹታል፦ ይሄ አይሸጥም፣ እዚህ ጋ የፈጠራ መብት ያስፈልግሃል፣ እከሌን አነጋግር። ክፍያ የለም። ጠበቃው ጻድቅ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ ልጁ ነገ ከከበረ ደንበኛው ይሆናል። እንዲህ ያለው ጥቅም ግልጽ ስለሆነ ነው ሰው ጠዋት ተነስቶ የሚመጣው ብለን እናምናለን።

በ1986 ኢላይ ሊሊ ሃይብሪቴክን ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው። ሊሊ የኢንዲያና ትልቅ፣ ሽማግሌ ኩባንያ ነው፤ የሃይብሪቴክ ልጆች ሥርዓቱን አልቻሉትም፣ አንድ በአንድ ወጡ። ኪሳቸው ሞልቷልና ወደፈለጉበት መሄድ ይችሉ ነበር። ብዙዎቹ ግን እዚያው ቀሩ። ጄንሲያ፣ ሊጋንድ፣ አሚሊን በነሱ እጅ የተመሠረቱ ናቸው። ሮይስተንና በርንዶርፍ በመሥራችነት የነበሩበት አይዴክ ደግሞ በ1997 የተፈቀደውን የሊምፎማ መድኃኒት ሪቱክሲማብን ሠራ። ቁርስ መድኃኒት አይሠራም፤ ገንዘቡም ልምዱም ከሃይብሪቴክ ነው የመጣው። ቢሆንም ሥራ ለለቀቀ ሰው በማግስቱ የሚሄድበት ጠረጴዛ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን ስናነብ ዶክተር አክሊሉ ለማ ትዝ አሉን። በ1964 ዐድዋ ወንዝ ዳር ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ግኝቱ እሳቸውንና ባልደረባቸውን ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስን በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አሸለመ። በ1990ዎቹ ደግሞ እንዶድ የአሜሪካን የውኃ ቱቦ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ባለዛጎል እንስሳ እንደሚገድል ታወቀ፤ በዚህ ጥቅሙ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው የአሜሪካው ቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በ1964 አዲስ አበባ ላይ ዶክተሩን ቁርስ የሚጋብዝ ጠበቃ ቢገኝ ኖሮ እያልን ስንከራከር አንዱ ጓደኛችን አቋረጠን። ጠበቃው ምን ሕግ ሊጠቅስ ነው? የኢትዮጵያ የፈጠራ መብት አዋጅ የወጣው በ1995 ነው፤ ያውም እ.ኤ.አ.።