በረዶን የለመደች መኪና ሐርጌሳ ስትደርስ

 ስለ ዕድራችን፣ ስለ ልጆቻችን ትምህርትና ስለ መሥራቾቻችን ሌሎች ወገኖች በዚህ መጽሔት ጽፈዋል። እኛ በሱቅ ንግድ የምንተዳደር ደግሞ የድርሻችሁን ጻፉ ስንባል የመኪናን ታሪክ መረጥን። ከስኳርና ከፓስታ ጎን የሞተር ዘይትና ፊውዝ ስለምናስቀምጥ፣ መኪና ሊገዛ ያሰበ ወገን ሁሉ ከደጃፋችን ሻይ ሳይጠጣና ሳያማክር አያልፍም። የሚጠይቀውም ያው ነው፦ «የትኛዋ ትሻለኛለች?» እኛም የምንመልሰው ያው ነው፦ «መኪናን የሚመርጠው መንገዱ ነው።» ይህ መልስ ከየት እንደመጣ ከዚህ በታች እንተርካለን። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከተማዋ ከፍርስራሽ ስትነሣ

ሐርጌሳ በ1988 በዚያድ ባሬ መንግሥት ጦር በከባድ መሣሪያና በአውሮፕላን ተደብድባ ፈራርሳ ነበር። ሕዝቧም በመቶ ሺዎች እየሆነ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ከጅግጅጋ ወዲያ የነበረው የሐርተሼክ መጠለያ በዘመኑ በዓለም ካሉት እጅግ ትላልቅ የስደተኞች ሠፈሮች አንዱ ለመሆን በቅቶ ነበር፤ የተዘጋውም በ2004 ነው። ዛሬ በገበያ አማርኛ የሚመልስልን የከተማዋ ነዋሪ ስናገኝ፣ ብዙ ጊዜ ቋንቋውን የለመደው በዚያ የስደት ዘመን መሆኑን ይነግረናል። በኋላ ተራው የእኛ ሆነና እነሱ ወዳገራቸው ሲመለሱ እኛ ለሥራ መጣን። ግንበኛው፣ መካኒኩ፣ መምህሩ፣ የሆቴል ሠራተኛው፣ የፀጉር ሠሪዋ እዚህ ኑሮውን መሠረተ።

ሶማሌላንድ ግንቦት 18 ቀን 1991 ነፃነቷን ስታውጅ በመንገድ ላይ የሚታየው ከጦርነት የተረፈ የጭነት መኪናና ላንድክሩዘር ነበር። የቤት መኪና የሚባል እምብዛም አልነበረም። ከሐረርና ከድሬዳዋ የመጣን ሰዎች የምናውቃት የቤት መኪና ፔጆ 404 ስትሆን፣ መሪዋ በግራ፣ ሆዷ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ለኮረኮንች የተሠራች ነበረች። እዚህ የጠበቀን ሌላ ዓይነት ነው።

ከጃፓን በዱባይ ወደ በርበራ

ጃፓን ውስጥ አዲስ የቤት መኪና ሦስት ዓመት ሲሞላት፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ጥብቅ ምርመራ ታልፋለች። ምርመራውና ግብሩ ኪስ ስለሚጎዳ ብዙ ባለቤቶች ገና ጉልበት ያላትን መኪና ሸጠው ሌላ ይገዛሉ። የተሸጠችው በመርከብ ትጓዛለች። ከመድረሻዎቹ ዋነኛው ዱባይ ሲሆን፣ በዚያ ለያገለገሉ መኪኖች ንግድ ልዩ ቀጣና በ2000 ተከፍቷል። ቀኝ መሪ የሆነች መኪና በኤምሬቶች መንገድ ታርጋ ስለማታገኝ፣ ዱባይ የምትቆመው ወደ ሌላ አገር እስክትሸጥ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ የኤደን ባሕረ ሰላጤን ይዛ በርበራ ትወርዳለች፤ ከበርበራም 160 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥታ ሐርጌሳ ትገባለች። ዋጋዋ በዶላር ይነገራል። ዛድ የተባለው የስልክ ገንዘብ በ2009 ሳይጀመር በፊት፣ ሽልንጉን በማዳበሪያ ተሸክሞ ዶላር የሚመነዝር ሰው ማየት የተለመደ ነበር።

በዚህ መንገድ ከመጡት መኪኖች መካከል የሁሉንም ልብ የሰረቀችው ቶዮታ ማርክ ቱ ናት። የመጀመሪያዋ በ1968 ኮሮና ማርክ ቱ ተብላ ወጣች። እኛ እዚህ በብዛት የምናውቃቸው ከ1992 እስከ 2004 የተሠሩትን ነው። እህቶቿ ቼዘርና ክሬስታ ይባላሉ። ረጅም፣ ዝቅ ያለች፣ ውስጧ እንደ ሳሎን የለሰለሰ፣ ሞተሯ በመስመር የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮች ያሉት፣ ጉልበት ግን እንደ ውድድር መኪና ያላት ናት። ቱረር ቪ የሚባለው ባለ ተርቦ ዓይነት 280 የፈረስ ጉልበት አለው። በ2004 ማርክ ኤክስ ተተካች፤ እርሷም በ2019 ማብቂያ ላይ ማምረቻዋ ቆመ። አንድ ሙሽራ በማርክ ቱ ሲሄድ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ዕቁብ የደረሰው ጎልማሳም መጀመሪያ የሚያስባት እርሷን ነው።

የበረዶ ልጅ መሆኗ በምን ይታወቃል

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ጉዳይ አለ። ጃፓን ሁለት ዓይነት አገር ናት። ደቡቡ ሞቃት ሲሆን፣ ሰሜኑ፣ በተለይም ሆካይዶ የሚባለው ደሴት፣ ክረምቱን በበረዶ ተሸፍኖ ይከርማል። ለዚያ ሲባል ቶዮታ ማርክ ቱን በፎር ዊልም ሠርቷታል፤ ለቀዝቃዛ አካባቢ የተዘጋጀችው ደግሞ ጠንከር ያለ ባትሪና ማሞቂያ ታገኛለች። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,300 ሜትር በላይ ስላለች ሌሊቱ ይበርዳል እንጂ መንገዷ በረዶ አያውቅም። ይሁን እንጂ ለበረዶ የተዘጋጀች መኪና ከነልብሷ እዚህ ትመጣለች። ልብሷን ካላወለቅንላት ትጎዳናለች።

አንደኛ፣ ጎማዋ ነው። ጃፓን መንገድ የሚፍቀውን ባለ ምስማር ጎማ በ1990 በወጣ ሕግ ከከለከለች ወዲህ፣ በክረምት የሚታሰረው ምስማር የሌለው ለስላሳ ጎማ ነው። ጥርሱ በምላጭ የተተፈተፈ ይመስላል፤ በጎኑ ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና የበረዶ ቅንጣት ሊታተምበት ይችላል። ላስቲኩ በብርድ እንዳይደርቅ ሆን ተብሎ ለስልሶ ስለተሠራ፣ በጋለ አስፋልት ላይ ቶሎ ይበላል፣ ይዋልላል፣ ፍሬንም በወጉ አይዝም። አንድ የማኅበራችን ቤተሰብ ሐምሌ ላይ፣ የበርበራ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነበት ቀን፣ ልጆቹን ጭኖ ቁልቁል ሲወርድ የኋላ ጎማ ፈነዳበት። መኪናዋ ዞራ አሸዋ ላይ ቆመች። እግዚአብሔር ይመስገን ሁሉም ተርፈዋል። ጎሚስታው ያወጣውን ጎማ ስናይ ያ የበረዶ ምልክት በጎኑ ላይ ነበር። ስለዚህ መኪና የሚገዛ ሰው ከቀለሟ በፊት ጎንበስ ብሎ ጎማዋን ያንብብ። አራት ቁጥሮች ተጽፈው ያገኛል፤ 2318 ቢል በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ሆዷ ነው። በበረዶ አገር መንገዱ እንዳያሟልጭ ጨው ይበተናል። ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። ላይዋ እንደ መስተዋት የሚያበራ መኪና ከሥሯ ሻንሲዋ ተበልቶ ሊገኝ ይችላል። በርበራ ወደብ ላይ ያለው የባሕር አየርም የቀረውን ይጨርሳል። ጋራዥ ወስዶ ከፍ አድርጎ ሳያስመረምር ገንዘብ የሚቆጥር ሰው ዝገት መግዛቱ ነው።

ሦስተኛ፣ ቁመቷ ነው። የማርክ ቱ ሆድ ከመሬት ያለው ርቀት አንድ ስንዝር አይሞላም። ለተጠረገ የጃፓን መንገድ ይበቃል። ወደ ወጃሌ ግን ሌላ ነው። ከዚህ እስከ ወጃሌ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የመጨረሻው ሜዳ ጥቁር አፈር ነው። አስፋልት ሳይደርስበት በፊት የጉ ዝናብ ሲጥል ያ አፈር እንደ ሳሙና ያሟልጭ ነበር፤ ከጎማ ጋር እየተጣበቀም ጎማውን እንደ ድቡልቡል ኳስ ያደርገዋል። በዚያ ዘመን አንድ ወገናችን በምጥ የተያዘች ሚስቱን ወደ ጅግጅጋ ሊያደርስ ባማረች ማርክ ቱ ተነሥቶ፣ መኪናዋ በሆዷ ተኝታ ቀረች። የእርሻ ትራክተር ጎትቶ ሲያወጣቸው ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። እናትና ልጅ ደኅና ናቸው፤ ልጁም ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። በዚያኑ ቀን ግን አሮጌ ሂሉክስ ሰርፍ የያዘ ጎረቤት ያለ ችግር ሲያልፍ አይተናል። ለክብር የተገዛች መኪና በችግር ቀን ካልደረሰች ምን ይረባል?

መሪው በቀኝ፣ መንገዱም በቀኝ

ኢትዮጵያ በ1964 ከግራ ወደ ቀኝ መስመር ከተዛወረች ወዲህ እኛ በቀኝ መስመር በግራ መሪ መንዳት ለምደናል። ሐርጌሳም በቀኝ መስመር ትነዳለች፤ መኪኖቿ ግን አብዛኞቹ ቀኝ መሪ ናቸው። ሹፌሩ ከጥጉ ተቀምጦ የጭነት መኪና ሊቀድም ሲል ከፊቱ የሚመጣውን አያይም። ዓይን የሚሆነው በግራው የተቀመጠው ሰው ነው። ስለዚህ ወደ በርበራ ሲኬድ ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጠው የሚያንቀላፋ ሰው እንዳይሆን እንመክራለን። ከሁሉ የሚያሳስበን ግን የልጆቻችን ነገር ነው። የጃፓን ሚኒባስ በሩ በግራ ስለሆነ፣ ሲቆም የሚከፈተው ወደ መንገዱ መሐል ነው። ልጆች ወርደው ሳይሮጡ በፊት የሚይዛቸው አዋቂ ሊኖር ይገባል።

ከዚህ ተነሥተው በረዶ የገቡት

ከመካከላችን ብዙዎች በዕድልም በስደትም አልፈው ዛሬ በሚኒያፖሊስ፣ በቶሮንቶና በስቶክሆልም ይኖራሉ። ይህ መጽሔትም ይደርሳቸዋል። ስልክ ሲደውሉ አሁንም ያንኑ ጥያቄ ያመጣሉ፦ ያገለገለች፣ የምታምር፣ የምትሮጥ መኪና አግኝተናል፤ ለበረዶ ትሆናለች ወይ? በአማርኛ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ ምድርን የሚሸፍነውን ነጭ ነገርም በረዶ ነው የምንለው። ለመኪና ግን የሚከብደው ሁለተኛው ነው።

የሚገርመው ነገር፣ እዚያ በፎር ዊል የምትሸጠው ሌክሰስ አይ ኤስ 250 እና እዚህ የምናያት ማርክ ኤክስ ሥጋ ዘመድ ናቸው። የተሠሩበት መሠረት አንድ ነው፤ ባለ 2.5 ሊትሩ ሞተርም ያው ነው። ኦዲ ኳትሮን በ1980 ካወጣ ወዲህ ደግሞ ፎር ዊል የገጠር መኪና ብቻ መሆኑ ቀርቶ የቅንጡ መኪናም ሆኗል። ስለዚህ ለእነርሱ የምንለው እንዲህ ነው። ፎር ዊል ለመነሣትና ዳገት ለመውጣት ይረዳል፤ ለማቆም ግን አይረዳም። የሚያቆመው ጎማ ነው። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ የበጋ ጎማ ይደርቃል፣ የክረምት ጎማ ግን ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። ካናዳ ውስጥ የኪቤክ ክፍለ ሀገር ከ2008 ጀምሮ የክረምት ጎማን በሕግ አስገድዷል። ከበጀታችሁ ላይ አስቀድማችሁ የአራት ጎማ ዋጋ ቀንሱ፤ በቀረው መኪናዋን ፈልጉ። በኋላ ጎማ ብቻ የምትነዳ ባለ ብዙ ጉልበት መኪና በበረዶ ላይ ጅራቷን ትጥላለች። የፎር ዊል አራቱም ጎማዎች እኩል ያረጁ ይሁኑ፤ አለበለዚያ ዲፍሬንሻሏን ትጎዳላችሁ። ሥሯን ለጨው ዝገት መመርመሩንም አትርሱ።

የበርበራ ጎማ ለሚኒያፖሊስ አይሆንም፣ የሆካይዶ ጎማም ለበርበራ አይሆንም። መኪናን የሚመርጠው መንገዱ ነው ስንል ይህንን ማለታችን ነው።

ዛሬ መንገዱ ተለውጧል። ዲፒ ወርልድ በ2016 ስለ በርበራ ወደብ ከተፈራረመ በኋላ አዲሱ የኮንቴይነር ማራገፊያ በ2021 ተመርቋል፤ ከበርበራ ወደ ወጃሌ የሚወስደው መንገድም በአቡዳቢና በእንግሊዝ ድጋፍ ተሻሽሏል። ኢትዮጵያ ደግሞ በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለች፣ እዚህ የሚገዛ ሰው «ወደ አገር ቤት ይዤያት እገባለሁ» ብሎ አያስብ። ለሐርጌሳ የሚገዛትን ለሐርጌሳ ይግዛት። ገንዘቡ የዓመታት ላብ ነውና፣ ከደላላው ቃል በፊት ሚስቱንና ልጆቹን የት የት እንደሚወስድባት ቁጭ ብሎ ይቁጠር። ቆጥሮ ሲጨርስ ወደ ሱቃችን ብቅ ይበል፤ ሻዩ በእኛ ነው።